ሳነቲ ላይ ከሳይክል መውረድ ነውር አይደለም

(አዲስ አበባ ውስጥ ለሳይክል ወዳጆች ከቀረበ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ። ከኋላ ለቆማችሁት፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ፣ ጥያቄ አልጠይቅም።

ስለ ማውንቴን ባይክ ንግግር አለ ሲባል ሰው የሚመጣው ስለ ሳይክሉ ለመስማት ነው። የትኛው ብራንድ ይሻላል? ስንት ካምቢዮ? ስንት ብር? ስለሱ ዩቲዩብ ላይ እስኪሰለቻችሁ ታገኛላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ቦታው ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ፣ እሳተ ገሞራ በሠራው መሬት ላይ ሳይክል መንዳት ምን እንደሚመስል። ለዚህ ደግሞ ደቡብ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ባሌ አለ። ሳነቲ አለ።

ከሁሉ አስቀድሜ የምለውን ልበል። ሳነቲ ላይ ጎበዝ ማለት መቼ ከሳይክሉ እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ነው። አንዳንዱ አንድ ጊዜ እግሩ መሬት ከነካ የተሸነፈ ይመስለዋል። ከተማ ውስጥ ይሁንለት። እዚያ ግን አየሩ ያስወርዳችኋል፣ መሬቱ ያስወርዳችኋል፣ የቦታው ባለቤቶችም ያስወርዷችኋል። በተራ በተራ ልሂድ።

መጀመሪያ መንገዱን እንይ። ከጎባ ነው የምትነሱት። ጎባ ራሷ 2,700 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ ፒስታው ሽቅብ ይጀምራል። ጽድ፣ ኮሶ፣ ከዚያ አምጃ፣ ከዚያ አስታ። ዛፉ እያጠረ፣ ቅጠሉ እያነሰ ይሄድና በመጨረሻ ሁሉም ነገር ከጉልበት በታች ይሆናል። ድንገት ሰማይና ሜዳ ብቻ። ያ ነው ሳነቲ። ከዚህ በኋላ ረጅም ነገር ካያችሁ ጅብራ ነው። ጅብራ ዕድሜ ልኩን ይጠብቅና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ሲያብብ ከሰው ቁመት በብዙ ይበልጣል። መንገዱ ሜዳውን አቋርጦ ወደ ሐረና ጫካና ወደ ደሎ መና ይወርዳል። አንዱ ቅርንጫፍ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ ይወጣል፣ 4,377 ሜትር። ከባሌ ተራሮች ትልቁ እሱ ነው። ጫፉ ላይ ከአንቴና በቀር የሚያስደንቅ ነገር አትጠብቁ። እይታው ግን ሌላ ነው።

ከጎባ እስከዚያ ከ1,600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ቀልድ አይደለም። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳገቱን ሲቆጥር ነው፤ ዳገቱማ እንጦጦም አለ። ልዩነቱ ያለው ትንፋሽ ላይ ነው።

እስቲ ስለ አየሩ። «እዚያ ኦክሲጅን የለም» ይባላል። አለ። እዚህም 21 በመቶ ነው፣ እዚያም 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ 60 በመቶ እንኳ በጭንቅ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክሲጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እግራችሁ አልደከመም፣ ሳንባችሁም ጤነኛ ነው፣ ግን የምትስቡት አይበቃም። እዚህ በቀላሉ የምትወጡት ዳገት እዚያ ልብን ጆሮ ውስጥ ያስመታል።

መለኪያችሁ ወሬ ይሁን። ከጎናችሁ ካለው ጋር እየተነዳ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማውራት ከቻላችሁ ጥሩ ነው። ቃል እየቆረጣችሁ ከሆነ ካምቢዮ ቀንሱ። ካምቢዮው ካለቀ ውረዱና ግፉ። የሚገርመው ደግሞ በዝግታ ከሚነዳና ከሚገፋ ሰው መካከል እዚያ ብዙ የፍጥነት ልዩነት የለም። የሚገፋው እንዲያውም ዙሪያውን እያየ ይሄዳል። ሌላው ጥርሱን ነክሶ የፊት ጎማውን ብቻ ያያል።

አሁን አንድ የሚያኮራ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀጥሎ ግን ኩራቱን አወርደዋለሁ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አለ። ሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎች ደም ተመረመረ። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ተሸካሚ፣ ሄሞግሎቢንን፣ አብዝተው ነው ከፍታውን የሚቋቋሙት። ቲቤቶች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይበዛ፣ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ዝቅ ብሎም ይኖራሉ። የአምባራሶቹ ከሁለቱም ተለየ። ሄሞግሎቢናቸውም፣ በደማቸው ያለው ኦክሲጅንም ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ተገረሙ።

አየኋችሁ፣ ደረታችሁ ተነፋ። ቆይ! ያ የተጠናው እዚያው ተወልደው እዚያው የሚያርሱ ሰዎች ላይ ነው። እናንተ ሊፍት ጠባቂዎች ናችሁ። አዲስ አበባ መኖራችሁ ይጠቅማል፣ አዎ፣ ከዱባይ በቀጥታ ከሚመጣው ዘመዳችሁ ትሻላላችሁ። ግን ከ2,400 ወደ 4,300 በአንድ ቀን መዝለል ለእናንተም ዝላይ ነው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ አለመፈለግ፣ እንቅልፍ ማጣት፦ አራቱም የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። «ፀሐይ መትቶኝ ነው»፣ «ጠዋት የበላሁት ነው» እያላችሁ አታስታምሙ። ቀላል ከሆነ ቁሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ አትጨምሩ። ከባሰ ውረዱ። ሰውየው ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ነገር ካምታታ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን አንድ ደቂቃ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ይወርዳል። ሳንባ ወይም አንጎል ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፣ ይሄ ይገድላል። መድኃኒት አለ፣ አዎ፣ ሐኪም ጠይቃችሁ መያዝ ትችላላችሁ። የመውረድን ያህል የሚያድን ግን የለም።

ለአሳዳር የሚሠራ ሕግ አለ። 3,000 ሜትር ካለፋችሁ በኋላ የምትተኙበትን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ቀን ከዚያ በላይ ወጥቶ መመለስ ይቻላል፤ ዋናው መኝታው ነው። ለጀማሪ የምመክረው ጎባ ወይም ዲንሾ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ሳነቲን በቀን ወጥቶ መመለስ ነው። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ሌሊቱን ሳነቲ ላይ ድንኳን ተክሎ፣ እሑድ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎቶ ለመነሳት የሚያቅድ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በደረቁ ወቅት ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችልም አትርሱ። የጠርሙሳችሁ ውኃ ጠዋት ላይ ድንጋይ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ወደ መሬቱ ልለፍ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ካረዘምኩ ታገሱኝ።

ሳነቲ የተሠራው ስምጥ ሸለቆው ከመከፈቱ በፊት በፈሰሰ ላቫ ነው። አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተደረበ ያን ሁሉ ከፍታ ገነባ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በረዶ መጣ። አዎ፣ በረዶ፣ ባሌ ላይ። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ይሄ ሜዳና ወደ ሰሜን የሚወርዱት ሸለቆዎች በበረዶ ግግር ተሸፍነው ነበር። አሁን የምናያቸው ትንንሽ ሐይቆችና ተፍቀው የተስተካከሉ ዐለቶች የዚያ ምስክር ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የድንጋይ ጅራቶቹ ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ እስከ 15 ሜትር የሚሰፉ፣ ወደ ታች የሚዘረጉ የትላልቅ ድንጋይ ሰልፎች አሉ። ሰው የደረደራቸው ነው የሚመስሉት። መሬቱ በብርዱ ዘመን እየረጋና እየቀለጠ፣ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለየ ያሰለፋቸው ናቸው። እነሱ ላይ ሳይክል አይነዳም። አይገፋምም። ትሸከሙታላችሁ።

የእሳተ ገሞራ መሬት ሁሉ አንድ አይደለም። ኢኳዶር ያለውን ኮቶፓክሲን ውሰዱ። 5,897 ሜትር ነው፣ በ2015 እ.ኤ.አ. እንኳ አመድ ሲተፋ ነበር። እዚያ ቱሪስቶች በመኪና ከ4,500 ሜትር በላይ ይወጡና በሳይክል ይወርዳሉ። አዲስ መሬት ስለሆነ አመዱና ጠጠሩ ገና አልረጋም። ጎማው ይሰምጣል፣ የፊት ፍሬን የነካ ይወድቃል። ሳነቲ አሮጌ ነው። ላቫው ለረጅም ዘመን ተበልቶ፣ ተሰባብሮ፣ ጥቁር አፈር ሆኗል። ሲደርቅ ቀላልና ልል ነው፣ በነፋስ ይነሳል። ሲረጥብ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ ሹካው ስር ይሞላል፣ ካቴናው ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ጎማው መዞር ያቆማል። ትወርዳላችሁ፣ እንጨት ፈልጋችሁ ትፍቃላችሁ፣ ሃያ ሜትር ትሄዳላችሁ፣ ደግሞ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ። «ዝናብ ያካፋል እንጂ አይከፋም» የሚላችሁን አትስሙ።

መንገዱ ራሱ ኮረኮንች ነው። የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ፣ ጠርዙ ስለት ያለው። ጎማ ጎኑን የሚቆርጠው እሱ ነው። ወፈር ያለ ጎማ፣ 2.3 ወይም 2.4 ኢንች፣ ጎኑ ጠንካራ የሆነ ያዙ። መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ፖምፓ፣ የተቆረጠ ጎማ ከውስጥ የምትደግፉበት ቁራጭ ላስቲክ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር፦ «ከፍታ ላይ ጎማ ይፈነዳል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። አይፈነዳም። አዲስ አበባ 25 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያው) የነፋችሁት ጎማ ቱሉ ዲምቱ ላይ የውጭው ግፊት ስለቀነሰ 27 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ግን እዚያ ብርድ ነው፣ ብርዱ ደግሞ ውስጥ ያለውን ይቀንሰዋል። ሃያ ዲግሪ ከቀዘቀዘ ሁለቱ ተጣፍተው ወደ 25ቱ ትመለሳላችሁ። ስለሱ አትጨነቁ። የሚያስጨንቀው ድንጋዩ ነው።

ከመንገዱ ስትወጡ ፍልፈሉ አለ። ግዙፉ ፍልፈል፣ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የለም። አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሜዳውን ሙሉ ከስር ቦርቡሮታል። ከላይ ስታዩት ሣር የለበሰ ጥሩ መሬት ነው፣ የፊት ጎማችሁ ሲያርፍበት ግን እስከ መሃሉ ይገባል፣ እናንተም በእጀታው ላይ ትበራላችሁ። ጸጥ ብላችሁ ከቆማችሁ ግን ታዩታላችሁ። መጀመሪያ አፈሩ ይነቃነቃል፣ ከዚያ ሰፊ ጭንቅላትና ብርቱካናማ ጥርስ ብቅ ይላል፣ ግማሽ አካሉን አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ቅጠል በጥድፊያ ይሰበስባል፣ ከዚያ ወደ ኋላው ተንሸራቶ ይጠፋል። ከጉድጓዱ አጠገብ ብዙ ጊዜ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ትኖራለች። እሷ ከጮኸች አትውጣ ማለት ነው።

ፍልፈሉ ባለበት ቀይ ቀበሮ አለ። እንደ ሌሎች የተኩላ ዘመዶቹ በሌሊት አይመስላችሁ፤ በጠራራ ፀሐይ ነው የሚያድነው። ስታዩት ሥራ ላይ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ደቂቃዎች ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ እናንተ ሳይክላችሁን እያንኳኳችሁ ብትመጡ ምሳውን ታበላሹበታላችሁ። ስለዚህ ቁሙ፣ ውረዱ፣ እስኪጨርስ ጠብቁ። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩም ባሌ ነው። ከጥይት ይልቅ የጨረሳቸው ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይሄ ሳይክል ነጂውን በቀጥታ ይመለከተዋል፣ ምክንያቱም የጎባ ውሾች ሳይክል መከተል ይወዳሉ። ውሻ ከተከተላችሁ «ደስ ይላል፣ ጓደኛ አገኘሁ» አትበሉ። ቁሙና መልሱት።

ደግሞ ፈረሶቹ አሉ። ባሌ ውስጥ ፈረስ ጌጥ ሳይሆን መጓጓዣ ነው። ከነፋሱ ለመከላከል ተጀቡነው የሚመጡ አባቶችና እናቶች ታገኛላችሁ። ፈረሱ ሳይክል ለምዶ አያውቅም፣ በተለይ ከኋላው ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ነገር ያስደነግጠዋል። ከሩቅ ድምፅ ስጡ፣ ውረዱ፣ ዳር ያዙ፣ «አካም» በሉ። መንገዱም አገሩም የነሱ ነው፣ ሰላምታችሁን ሳትሰስቱ ስጡ። ብዙ ጊዜ የሚያስቃቸው ጥያቄ እኔንም ያስቀኛል፦ «መኪና እያለ ለምንድነው የምትገፋው?»

እኛ ደግሞ አዲስ ነገር የጀመርን እንዳይመስለን። ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሐበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፣ 3,400 ሜትር እልፍ ብሎ ያለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ከ47,000 ዓመት ጀምሮ እስከ 31,000 ዓመት በፊት ድረስ ይመላለሱበት ነበር። ምን ይበሉ ነበር ብትሉ፣ ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል፣ ጠብሰው። መሣሪያቸውን የሚሠሩበትን ኦብሲዲያን፣ ማለትም ጥቁሩን የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ የሚያመጡት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው። በእግር፣ በብርድ፣ ያውም ተራሮቹ ላይ የበረዶ ግግር በነበረበት ዘመን። እኛ 30 ካምቢዮ ይዘን እናማርራለን።

ስለ ምግብ ባጭሩ። ከፍታው የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጉልበቱ ግን ይቃጠላል። ስለዚህ ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚሰጥ ነገር ያዙ። በሶ፣ ቆሎ፣ ከሁሉ በላይ ጭኮ። ገብስና ቅቤ ነው፣ የባሌና የአርሲ ሰው ለረጅም መንገድ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። በውድ ዋጋ ከምትገዙት የስፖርት ጄል ጭኮ ይሻላል፤ ይሄን የምለው በሙሉ ልቤ ነው። ፓስታ ለመቀቀል አትድከሙ። እዚያ ውኃ 86 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ፓስታው ይላቁጣል እንጂ አይበስልም።

ቁልቁለቱን አልረሳሁትም። ሳነቲ በስተደቡብ ድንገት ያልቃል። ከፊታችሁ የሐረና ጫካ ተዘርግቶ፣ ብዙ ጊዜ ደመናው ከእናንተ በታች ሆኖ ታዩታላችሁ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሪራ ወደምትባለው መንደር ይወርዳል። አስታው ይመለሳል፣ ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያ ሽበት የለበሱ የሚመስሉ ዛፎች፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የጫካ ቡና። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፣ ልብስ እያወለቃችሁ ነው የምትወርዱት። አየሩ ስስ ስለሆነ ላይ ላይ ሰውነታችሁን የሚይዘው ነገር ያንሳል፣ ከምታስቡት በላይ ትፈጥናላችሁ። ፍሬን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እንጂ ይዞ መውረድ የለም። ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ያልቃል። እጃችሁ ከደነዘዘ ቁሙ። ደግሞም ሳይመሽ ውረዱ፣ ሐረና ውስጥ አንበሳ አለ።

ጥያቄ ይኖራችኋል። ሦስቱን ብቻ ጽሑፉ ውስጥ አስገብቻለሁ።

አንዲት እኅት ከዋሽንግተን ለእረፍት የመጣች፣ «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለኝ፣ ይቻላል?» አለች። ይቻላል። አዲስ አበባ የምታሳልፊው የመጀመሪያው ሳምንት እኮ ራሱ ልምምድ ነው፣ ከባሕር ጠረፍ አካባቢ መጥተሽ 2,400 ሜትር ላይ ነው ዘመድ የምትጠይቂው። እንጦጦ ሁለት ሦስት ጊዜ ንጂ፣ ከዚያ ዲንሾ እደሪ።

አንድ ወንድም፣ «ከመንገዱ ወጥተን ሜዳውን ብናቋርጥስ?» አለ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ነው፣ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን እዚያ ጠይቅ፣ መንገዱ በወቅቱ ሰላም መሆኑንም አጣራ። የኔን ምክር ከፈለግህ ግን ከመንገዱ አትውጣ። አንድ የጎማ መሥመር በዝናብ ጊዜ ቦይ ይሆናል፣ እዚያ ከፍታ ላይ ሣር ተመልሶ ለመብቀል ዓመታት ይፈጅበታል። የፍልፈሉንም ቤት ነው የምታፈርሰው።

መጨረሻ ላይ አንድ ጋሼ ተነሱ። «እኔ ካምቢዮ የሌለው የድሮ ሳይክል ነው ያለኝ፣ በሱ አይሆንም?» አሉ። ጋሼ፣ ሽቅቡን ይሆናል፣ ግማሹን ይገፉታል፣ እኛም እኮ ግማሹን ነው የምንገፋው። ቁልቁል ግን ፍሬንዎ የጎማውን ጠርዝ በላስቲክ የሚይዝ ከሆነ ወደ ሪራ አይሞክሩት። ሳይክሉን አይሱዙ ላይ ይጫኑት፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡ፤ ሪራ እንገናኝና ቡናው በኔ ይሁን።